ስለ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አንድ ልመና

ይድረስ ለአዳማ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ አዳማ የታሪክ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ኮሪያን ሳነሳ ተማሪዎቼ ነቃ አሉ። የድራማ ተዋናዮቹን ስም በቃላቸው ይዘውታል፤ ሰላምታውንም ይችሉታል። «የኛ ወታደሮች እዚያ ዘምተዋል» ስላቸው ግን ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ እየቀለድክ ነው?» አለኝ።

የምክትል መቶ አለቃ ማሞ ሀብተወልድን ታሪክ ነገርኳቸው። በ1945 ዓ.ም. በኮሪያ ጦርነት ከደቡብ ኮሪያ ጎን የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ወጣት መኮንን ነበሩ። ለቅኝት የወጡት 14 ኢትዮጵያውያንና አንድ አሜሪካዊ ናቸው። 300 ያህል የቻይና ወታደሮች ከበቧቸው። አራት ሰው ሞተ። የተረፈው ሁሉ ቆሰለ፤ ማሞም ጭምር። እጅ የሰጠ ግን አልነበረም። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ አንድም የተማረከ የለም። ማሞ ከጃንሆይ ከፍተኛ ሜዳይ፣ ከአሜሪካ ደግሞ ሲልቨር ስታር የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ኮሚኒስት የወጋ ሰው ሜዳዩን ደረቱ ላይ ማድረግ ቀርቶ ስለ ዘመቻው ማውራትም ያሰጋው ጀመር። ልጆቹ ሳይሰሙ ማደጋቸው ምን ይገርማል?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የመጀመሪያው ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ወደ ጅቡቲ የሄደው በባቡር ነው። ባቡሩ ደግሞ በኛው በኩል ነው የሚያልፈው፤ ያኔ ናዝሬት በምንላት። እነዚያ ጎረምሶች መርከብ ሳይሳፈሩ ከተማችንን አይተዋል። (በመስኮት ብርቱካን ገዝተው ይሆን? ሁሌ የማስበው ይህን ነው።)

ሐውልት አልጠየቅኩም። ሐውልት ሲባል ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ሻይ ይጠጣል፣ ዓመቱ ያልፋል። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ አንድ የእብነ በረድ ጽሑፍ እንድናኖር ይፈቀድልን። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ «የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ወደ ኮሪያ ሲዘምቱ በዚህ አለፉ» ይበል፤ በቃ። ወጪውን እኔና የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተን እንሸፍናለን።

ያ «እየቀለድክ ነው?» ያለኝ ልጅ የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ፊደሉን የሚነድፈው እሱ ነው፤ ከወዲሁ ጀምሮታል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዳማ መምህር