ዳገቱን ለየብቻ፣ ጫፉ ላይ አንድ ላይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከጓደኞች ጋር ረጅም የሳይክል ጉዞ ስለመሄድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አብዛኛው ያስማማኛል። አንዱ ምክር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ቡድኑ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳይበታተን በአንድ ፍጥነት ይንዳ ይላል። ሜዳ ላይ እሺ። ተራራማ አገር ውስጥ ይህን የሞከረ ቡድን ግን ማታ ተኮራርፎ ነው የሚያድረው።

ነገሩ የወዳጅነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ፊዚክስም አለበት። ሜዳ ላይ ሳይክል የሚነዳን ሰው በዋናነት የሚታገለው አየር ነው። ከፊት ያለው አየሩን ይከፍትለታል፣ ከኋላ ተጠግቶ የሚከተለው ደግሞ ብዙ ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ ጠንካራውም ደካማውም አብረው መሄድ ይችላሉ። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ግን ከሰው ኋላ መጠጋት ብዙም አይጠቅምም። የቀረው የራስን ክብደት ሽቅብ መሸከም ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አያግዝህም።

እስቲ እናስላው። ሁለት ጓደኛሞች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ከነሳይክላቸውና ከነጓዛቸው 80 ኪሎ ይመዝናሉ። አንዱ ሳያቋርጥ 200 ዋት ጉልበት ማውጣት ይችላል፣ ሌላው 150። ከፊታቸው 500 ሜትር ከፍ የሚያደርግ ዳገት አለ። አየሩንና የጎማውን ግጭት ብንተወው እንኳ አንደኛው 33 ደቂቃ አካባቢ ይፈጅበታል፣ ሁለተኛው 44። ባንድ ዳገት 11 ደቂቃ! ይሄ የስንፍና ምልክት አይደለም፣ ሂሳቡ ነው። ደካማው «እንዳልቀር» ብሎ ከአቅሙ በላይ ከገፋ ግን ጡንቻው ውስጥ ያጠራቀመውን ስኳር ቶሎ ይጨርስና ሦስተኛው ዳገት ላይ እግሩ እምቢ ይለዋል፣ ያኔ የሁሉም ቀን ይበላሻል።

አብሮ የመንዳቱ ባህል የቆየ መሆኑን አልክድም። ኦዳክስ የሚባለው የረጅም ርቀት አነዳድ እ.ኤ.አ. በ1897 ጣሊያን ውስጥ ተጀምሮ ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር፣ ቡድኑ በመሪ ተመርቶ አንድ ላይ ይሄድ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ሁሉም በራሱ ፍጥነት የሚነዳበት ሌላ ስልት መጣ። ዛሬ 1200 ኪሎ ሜትር በ90 ሰዓት ውስጥ የሚጠናቀቅበት ፓሪስ-ብረስት-ፓሪስ የተባለው የፈረንሳይ የሳይክል ጉዞ የሚነዳው በዚሁ ነው።

እኛ የምናደርገው ቀላል ነው። ዳገቱን ሁሉም በየአቅሙ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ እንገናኛለን። ግን እዚህ ጋ አንድ ግፍ አለ፣ ብዙ ቡድን ይሰራዋል። ፈጣኑ ደርሶ ውኃውን ጠጥቶ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ይጠብቃል። ያ ምስኪን ላቡ እየተንጠፈጠፈ ብቅ ሲል «በቃ እንሂድ!» እያንዳንዱ ዳገት ላይ ማረፍ ያለበት ሰው ሳያርፍ፣ ማረፍ የማያስፈልገው ብቻ እያረፈ ይውላል ማለት ነው። ስለዚህ መነሻውን የሚወስነው መጨረሻ የደረሰው ሰው ነው። ጃኬቱንም ደርቦ ይነሳ፤ በላብ የራሰ ልብስ ቁልቁለት ላይ አጥንት ድረስ ነው የሚያቀዘቅዘው።

ማርሽ ላይ ያለው ጉራም ይቅር። ዳገት የሚያቀል ትንሽ ማርሽ መግጠም ለሽማግሌ ነው የሚሉ አሉ። ይሄ ጉራ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ታላቁ የፈረንሳይ የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስ እንኳ እየነዱ ማርሽ የሚቀይር መሣሪያ ለተወዳዳሪዎች የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ጓዝ የጫነ ሰው ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላ 34 ጥርስ ቢያስገጥም ጉልበቱ ያመሰግነዋል።

ቁልቁለት ላይም እንዲሁ ተራርቆ መሄድ ነው። እዚያ መጠጋጋት አደጋ ነው፣ ፊት ያለው ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላ ያለው መግቢያ የለውም። ፍሬን ደግሞ እንደያዙ አይወረድም። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ ነው፣ አለዚያ ይግላል። ቸርኬው ላይ የሚነክስ ፍሬን ያለው ሳይክል ላይ ሙቀቱ ቸርኬውን አግሎ ጎማ እስከማፈንዳት ይደርሳል።

ሌላ አንድ ነገር። ጽሑፋችሁ የየቀኑን መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሰጠው። ድምር 1500 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ 60 ኪሎ ሜትር፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ሜዳ ይብሳል። በሚቀጥለው የጉዞ ዕቅድ ስታወጡ የዳገቱን ድምርም ጎን ለጎን ጻፉልን፣ አዲስ የሚጀምሩት አይተው ቀናቸውን ያሳጥሩ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ