ጨረቃን ለማናገር ብዙ ብር አያስፈልግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቀረጻና በኤዲቲንግ ሥራ ላይ ያለን የፊልም ገጻችሁ አንባቢዎች ነን። ከሙያ አጋሮቻችን ዘወትር የምንሰማው አንድ አባባል አለ፦ «ምናባዊ ነገር ለመሥራት በጀት የለንም።» አስቂኝ የፍቅር ፊልሞቻችን ከሳሎን፣ ከካፌና ከመኪና ብዙም የማይወጡት፣ ሠርግ ላይ ሲደርሱም የሚያልቁት በበጀት ብቻ ነው ብለን አናምንም። ስለዚህ በአንድ የውጭ ፊልም ላይ ተመርኩዘን እንደ ቆመ ጊዜና እንደምትናገር ጨረቃ ያለ ምናባዊ ትዕይንት በትንሽ ወጪ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ፊልሙ አሜሪካዊቷ ሚራንዳ ጁላይ ጽፋ፣ ዳይሬክት አድርጋ፣ ራሷም የተወነችበት «ዘ ፊውቸር» ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ታየ፤ በዚያው ዓመት በበርሊኑ ፌስቲቫል ተወዳደረ። ሶፊና ጄሰን ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ አፓርታማ አብረው ይኖራሉ፤ ሁለቱም 35 ዓመታቸው ነው። እግሯ የተጎዳ ድመት ከእንስሳት መጠለያ ወስደው ለማሳደግ ይወስናሉ፤ እስክታገግም ግን 30 ቀን መጠበቅ አለባቸው። ታማሚ ስለሆነች ስድስት ወር ብትኖር ነው ብለው ነበር። በደንብ ከተያዘች አምስት ዓመት ልትቆይ እንደምትችል ሲነገራቸው ይደነግጣሉ፤ 35 ላይ አምስት ሲደመር 40 ነዋ! በዚህች ድምር የተነሳ ሥራቸውን ይለቃሉ፣ ኢንተርኔታቸውን ያቋርጣሉ። እሱ ቤት ለቤት እየዞረ ዛፍ ይሸጣል። እሷ በ30 ቀን 30 ዳንስ ለመሥራት ተነስታ ሳይሆንላት ይቀርና ከሌላ ሰው ጋር ትገናኛለች።

እንግዳ ነገሮቹ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው፤ እያንዳንዳቸውም ምክንያት አላቸው። ሶፊ የሠራችውን ልትናዘዝ አፏን ስትከፍት ጄሰን እጁን ራሷ ላይ ያደርግና ጊዜን ያቆማል፤ መስማት አልፈለገማ። ግራ ሲገባው የሚያማክረው ጨረቃን ነው። የጨረቃዋ ድምፅ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ በትዳር የኖሩት አዛውንት ጆ ድምፅ ነው። (ጆ ሙያተኛ ተዋናይ አልነበሩም፤ ዳይሬክተሯ ያገኘቻቸው ዕቃ ለመሸጥ በጋዜጣ ላይ ባወጡት ማስታወቂያ ነበር። የጋዜጣ አንባቢ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለዋል ብለን ነው።) ጊዜን ማቆሙም ዋጋ ያስከፍላል፤ የድመቷ ቀጠሮ ያልፋል። አንድ ምናባዊ ትዕይንት ስክሪፕት ውስጥ ሲገባ «ማን ምን ላለመጋፈጥ አመጣው? ምንስ አስከፈለው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። መልስ ከሌለው ጌጥ ስለሆነ ቀረጻ ላይ ጊዜ ባይባክንበት ይሻላል።

አሁን ወደ አሠራሩ። የቆመ ጊዜ ለመቅረጽ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ተዋናይዋ ዝም ብላ እንድትቆም ማድረግ ነው። ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ስለሚያርገበግብ አንዱን ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ ምስል) ከአምስት ሰከንድ በላይ መጎተት አደጋ አለው። ትንፋሽ ደረት ላይ እንዳይታይ ሰፊ ልብስ ትልበስ፣ ጀርባዋም ይደገፍ። መጋረጃ፣ የሻይ እንፋሎትና በመስኮት የሚታይ ቅጠል ከፍሬሙ ይውጡ፤ ብዙ ጊዜ ጉድ የሚያወጡት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ በኤዲት ነው። ካሜራው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ ጠብቆ ይታሰር። ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን)፣ ፎከስ (የምስል ጥራት)ና ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ሁሉም በማንዋል፣ ማለትም በእጅ የተስተካከሉ ይሁኑ፤ አውቶማቲክ ከተዉት ተንቀሳቃሹ ተዋናይ ባለፈ ቁጥር ብርሃኑ ይቀያየራል። ከዚያ የሴቲቱ ምስል ካለበት ጎን አንድ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቆምና በማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ በሚያስቀር ሽፋን) ተቆርጦ ከሚንቀሳቀሰው ጎን ጋር ይገጣጠማል። ሰውየው የማስኩን መስመር ከተሻገረ እጁ ተቆርጦ ይታያል፤ ስለዚህ መስመሩን ወለሉ ላይ በፕላስተር አሳዩት። ስለዚህ እጅ ራስ ላይ ለሚያርፍበት ሾት የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል። የቆመው ፍሬም ግሬይንም (የምስሉ ጥቃቅን ነጠብጣብ) አብሮ ስለሚቆም የሞተ ፎቶ ይመስላል፤ ገጣጥማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ምስሉ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ግሬይን አልብሱት። በቀን አትቅረጹ፤ ደመና ሲያልፍ የሁለቱ ጎኖች ብርሃን ይለያያል። በማታ በአምፖል ስትሠሩ የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ያዙ፤ አለዚያ ብርሃኑ ይርገበገባል።

ጨረቃን ብዙዎች የሚያበላሹት ለሌሊቱ ጨለማ በተስተካከለ ካሜራ ስለሚቀርጿት ነው። ጨረቃ ፀሐይ ያበራላት ድንጋይ ናት፤ እንደ ቀን መቀረጽ አለባት። ለሙሉ ጨረቃ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የመቀበል አቅሙ) 100፣ ሹተር 1/50፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 16 ጥሩ መነሻ ነው። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ ከምስሉ ቁመት አንድ አሥረኛ እንኳ አትሞላም፤ ለብቻዋ ቀርጻችሁ በኤዲት አሳድጉ። በሁለት ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ስለምትጓዝ ረጅም ሾት አትያዙ። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፤ በማግስቱ ግን 50 ደቂቃ ያህል ስለምትዘገይ የቀረጻ ፕሮግራሙ ላይ ይህን አስቡበት።

ድመቷ ታሪኩን ትተርካለች፤ ስትናገር የሚታዩት ግን የአሻንጉሊት መዳፎች ብቻ ናቸው፣ አንዱ በፋሻ የታሰረ። ድምፁ የዳይሬክተሯ የራሷ ነው። አንዳንድ ተመልካች ይህ ድምፅ ያሰለቸዋል፤ እኛ ግን የፊልሙ ልብ እሱ ነው እንላለን፣ ሁለቱ ሰዎች ሲዘናጉ የምትጠብቃቸው እሷ ብቻ ናትና። እንዲህ ያለ ድምፅ ስትቀርጹ ኮምፒውተር ላይ በጣም አታቅጥኑት፤ ፊደሎቹ ይጠፋሉ። ተዋናይዋ ራሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትናገር፤ ማይኩ ከአፏ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ትንፋሽ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን ይዙር፣ ዙሪያዋም ብርድ ልብስ ይሰቀል።

ሶፊ ትታው የሄደችው ቲሸርት እየተጎተተ ተከትሏት ይመጣል። ይህንን እጅጌዎቹ ላይ በታሰሩ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ክሮች፣ አንዱን ከአንዱ እያፈራረቁ በመሳብ መሥራት ይቻላል። ከኋላ መብራት ካበራችሁ ክሩ ያብለጨልጫል።

የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በፊልም ገጻችሁ ስለ አንድ ፊልም ስትጽፉ ከታሪኩና ከተዋናዮቹ ሌላ ባለሙያዎቹን ስለ አሠራሩ ጠይቁልን፤ ቢያንስ አንዱን ትዕይንት በምን ሌንስና በስንት ሾት እንደሠሩት። የማስኩ አሠራር ደግሞ በቃል ለማስረዳት ስለሚከብድ የክፍሉንና የካሜራውን አቀማመጥ የሚያሳይ ንድፍ አብሮ ቢወጣ ለጀማሪዎች ይጠቅማል፤ ንድፉን ሠርተን ለመላክ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢዎቻችሁ፣ ከአዲስ አበባ