የሆርማት መጥለፊያ እግሩ ተሸርሽሯል፤ ከበልግ ጎርፍ በፊት ድረሱልን

ውድ የራያ ቆቦ ልጆችና ወዳጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፦

የነሐሴው ጎርፍ የሆርማትን ወንዝ ውሃ ወደ ማሳችን የሚመልሰውን መጥለፊያ ግንብ መጉዳቱን ሰምታችኋል። ከዚያ ወዲህ መዋጮው ቀዝቅዟል፤ «ገንዘባችንን ጎርፍ በላው» የሚል ወሬም ይናፈሳል። የደረሰውን በዝርዝር እንናገር።

በ2 ደርብ፣ በ24 ሜትር ርዝመት ከተደረደሩት 24 የጋቢዮን (ድንጋይ የታጨቀባቸው የሽቦ) ሳጥኖች 14ቱ እንደቆሙ ናቸው። 10ሩ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ የአብዛኞቹ ሽቦ ግን አልተበጠሰም፣ ድንጋዩም ሆዳቸው ውስጥ አለ። የጣላቸው ከላይ የመጣው ውሃ ሳይሆን ከሥር የሄደው አሸዋ ነው። ጎርፉ ግንቡን ዘሎ ሲወርድ እግሩ ሥር ወገብ የሚውጥ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ሳጥኖቹ መቆሚያ አጡ። ያኔ ስንገነባ ግንቡን አሳጥረን እግሩን ማንጠፍ ነበረብን፤ ገንዘቡ ሲያልቅብን ንጣፉን አሳደርነው። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው። የባከነ ሳንቲም ግን የለም፤ ወርዳችሁ ቁጠሩት።

ሆርማት ከምዕራቡ ደጋ ተንደርድሮ ይወርዳል፣ በቆቦ አጠገብ የመቀሌውን አስፋልት ተሻግሮ ወደ ዞብል ተራራ አቅጣጫ ሜዳው ላይ ይበተናል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ዘንድ ፀሐይ እያለ፣ ድንገት ደርሶ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል፤ ያኔ ያልተጠለፈ ውሃ ለማሽላው አይደርስም። ሜዳው ላይ ጉልበቱ ሲላላ የተሸከመውን ጠጠር ይጥላል፣ ወለሉ ይሞላል፣ ወንዙም ሌላ መንገድ ይፈልጋል። «ለምን በሲሚንቶ አትሠሩትም?» ለምትሉን መልሱ ይኸው ነው፦ ወለሉ ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፣ ጋቢዮን ግን ጎንበስ ብሎ ይይዛል።

አሁን ጉድጓዱ በጠጠር ይሞላና ማጣሪያ ጨርቅ ይነጠፍበታል። በላዩ 2 በ1 ሜትር የሆኑ፣ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያላቸው 36 ሳጥኖች በግንቡ ርዝመት ልክ 3 ሜትር ስፋት ይዘው ይተኛሉ። 36 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይፈጃል፤ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሲመታ የማይፈረፈር። ትንሹ በሽቦው ቀዳዳ ይሾልካል፣ የጎደለ ሳጥን ደግሞ ይታጠፋል። የግንቡ ጫፍ 2 ሜትር ወደ ወንዙ ዳር ገብቶ ይቀበራል፤ አለዚያ ጎርፉ በጎን ይዞረዋል። ከተደፉት የ6ቱ ሽቦ ተፈትቶ መልሶ ያገለግላል፤ በቀሪዎቹ ምትክ 4 አዲስ እንገዛለን። ገበሬው ውሃ የሚመልስበትን የአፈርና የእሾህ ክትር አንነካውም፤ ከባድ ጎርፍ ሲመጣ እሱ ቀድሞ ተደርምሶ ማሳውን ያድናል።

ድንጋይ ለቀማውና ቁፋሮው በገበሬው ጉልበት ነው፤ የመስኖውን ውሃ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባቶች ተራ አውጥተዋል። ገንዘብ የሚያስፈልገው ለሽቦና ለጨርቅ፣ ለድንጋይ ማመላለሻ መኪና እና ለሎደር ኪራይ ብቻ ነው። የአንድ ሳጥን ሽቦ የሚችል አንድ ሳጥን ይያዝ። ምጽዋት ብላችሁ ስጡ፣ ሰደቃ ብላችሁ ስጡ፤ ውሃው የሁሉንም ማሳ ያጠጣል።

መዋጮው የሚገባው በኮሚቴው የጋራ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ማኅተም አርፎበት በቀበሌው ሰሌዳ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ደጃፍ ተለጥፏል፤ ብር የሚወጣው በ3 ፊርማ ነው። በሩቅ ያላችሁ ቤተሰብ ልካችሁ ከሰሌዳው አስነብቡ። በግለሰብ ስም ለተከፈተ ሂሳብ አታስገቡ፤ «ቁጥሩ ተቀይሯል» የሚል የስልክ መልእክት ቢደርሳችሁ አትቀበሉ። ስታስገቡ ስማችሁንና «የሆርማት እግር» የሚለውን አስጽፉ፤ ደረሰኙን ያዙ።

ወለሉ ደርቆ ሎደር የሚገባበት ጊዜ ጥር ነው። ሽቦው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልተገዛ የበልጉ ጎርፍ ይቀድመናል፤ የቆሙት 14ቱም ይከተላሉ። በድጋሚ፦ በጋራ ሂሳቡ ብቻ፣ በሰሌዳው ላይ ባለው ቁጥር።

የሆርማት መጥለፊያ አስጠጋኝ ኮሚቴ