የጤና ክበብ ዘንድሮ፦ የቀሪ ደብተራችን ሥራ

የኤድስ ቀን ዝግጅታችን አዳራሽ ሞልቶ አልፏል። ድራማውም አስቋል። ስለሱ ብዙ አልልም፤ ማውራት የምፈልገው ከትምህርት የቀሩ ልጆች ስለሚጻፉበት ስለ ቀሪ ደብተሩ ነው።

ነገሩን የጀመረችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ወረርሽኝ መግባቱን ቀድሞ የሚያውቀው ማነው?» አለችኝ። ሚኒስትሩ ያለ አለ፣ ዶክተሩ ያለም አለ። ክርክሩ አላልቅ ሲል ተያይዘን ወደ ቀበሌያችን ጤና ኬላ ሄድን።

እዚያ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ልጆቹ «ሲስተር» የሚሏት፣ መዝገቧን ገልጣ አሳየችን። የወባ ታማሚው ቁጥር በየሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከዚያ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እያለ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገባል። ኮሌራ ወይም ኩፍኝ ከተጠረጠረ ግን ሳምንት የሚባል ነገር የለም፤ ወሬው በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ በላይ አካል መድረስ አለበት። አንዱ ተማሪ «ኔትወርክ ከሌለስ?» አላት። «እግር አለኝ አይደል!» አለችው። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ሲመለሱ ልጆቹ የራሳቸውን መዝገብ ከፈቱ። አርብ አርብ ከየክፍሉ አለቃ የቀሪ ስም ይሰበስባሉ። በትኩሳት የቀረውን ለይተው ሰፈሩን ይጽፋሉ። በጥቅምትና በኅዳር ስሙ በዛ፤ ጣና ዳር ክረምት ሲወጣ የወባ ወቅት ነውና አልገረመኝም። የገረመኝ አብዛኞቹ ከአንድ ሰፈር መሆናቸው ነው። ሰፈሩ አጠገብ ለጡብ ሥራ አፈር የወጣበት ጉድጓድ ውሃ አቁሮ ከርሟል። ለሲስተር ነገሯት፤ መጥታ መረመረች፣ ወባ የተገኘባቸው ታከሙ። ጉድጓዱን ልጆቹ ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ሆነው ደፈኑት። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አሥር ቀን ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ ጉድጓድ ዛሬ ነገ አይባልም።

ለሚኒ ሚዲያ ደግሞ አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ አዘዝኳቸው። ከጣና ማዶ ከደንቢያ የመጡ አያት ያሏቸው ልጆች ይዘውት የመጡት ወሬ ከባድ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 መጀመሪያ በአገሪቱ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። የወባ ማጥፊያው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ፈንጣጣም ተነስቶ ነበር። ለሁሉም ሰው ክትባት ማዳረስ ስለከበደ፣ ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ ታማሚውን ይፈልጉና በዙሪያው ያለውን ሰው ይከትቡ ነበር። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። ለእኔ ይሄ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ይበልጣል።

የከሸፈብን እጅ መታጠቢያው ነው። ሳሙና ልጆቹ አዋጥተው ገዙ፤ ቧንቧው ግን ውሃ የሚያገኘው ሲያሻው ነው። በዚህ ላይ ማመልከቻ እንጂ ክበብ ምንም አያደርግም።

በሰኔ ስብሰባ ያችው ልጅ እንደገና እጇን አወጣች። «ቁጥሩ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ታችስ የሚመጣ ነገር አለ?» ሲስተር ሳቀች፤ «ሲመጣም ይመጣል፣ ሲቀርም ይቀራል» አለች። እኛ ግን የየሳምንቱን ቁጥር በር ላይ ባለው ሰሌዳ እንለጥፋለን ብለን ወስነናል። ደብተሩን ለመስከረም የተረከበችው እሷ ናት።