የስፌት መኪናሽ ከእንግዲህ አትነዝርም

እማዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ሲንጀርሽ ተሠራች። ትናንት ማታ መጋረጃ ከዳር እስከ ዳር ሰፋሁባት፤ አንድም ስፌት አልዘለለችም።

ግን ልቆጣሽ ነው። «ትንሽ ትነዝረኛለች» እያልሽ፣ የላስቲክ ጫማ አድርገሽ ስንት ዘመን ሰፋሽባት! ያ «ትንሽ» ምን እንደነበር ስፈታት አየሁት። የሽቦዎቿ ጎማ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። አምፖሉ ጋ ሙቀት ስለሚበዛ ጨርሶ ረግፏል፤ ራቁቱን የቀረው መዳብ ገላዋን ይነካል። ገላዋ ደግሞ ከጥቁሩ ቀለም ሥር ብረት ነው። እኛን ዩኒፎርም ያለበስሽን 220 ቮልት ላይ እጅሽን ጭነሽ ነው። ሳስበው አሁንም ልቤ ይርዳል።

ስለዚህ አሮጌውን ሽቦ በናስትሮ መጠቅለል አልፈለግኩም። ሁሉንም አውጥቼ በአዲስ ተካሁት፤ ለመብራቱ ሙቀት የሚችል ሽቦ አደረግኩለት። ፔዳሉ ውስጥ ያረጀ ካፓሲተር ነበር። እሱ ሲበላሽ እግርሽን ሳታሳርፊ ሞተሩ በራሱ ሊነሳ ይችላል። ነቅዬ ጣልኩት። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ካርቦኖቹን ብቻ ቀየርኩ። የደረቀውን ዘይት በላምባ አጠብኩ። እባክሽ የምግብ ዘይት አታድርጊባት፣ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል።

ወንድሜ «ጥለን አዲስ እንግዛላት» ሲል እምቢ ያልኩት ወድጄ አይደለም። ይቺ 99ኬ የሚባል ሞዴል ሲንጀር የተሠራችው ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ነው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። ውስጧ አንድም የፕላስቲክ ጥርስ የለም። ጥሩ ዘይት ካገኘች ገና ብዙ ትሰፋለች።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ከገላዋ ወደ ሶኬቱ የኧርዝ ሽቦ፣ ማለትም ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ ዘርግቻለሁ፤ ሥራ የሚሠራው ግን ቤቱ ራሱ ኧርዝ ካለው ነው። ያንቺ ቤት የለውም። ቅዳሜ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዤ እመጣለሁ። የኧርዙን ዘንግ ግቢው ውስጥ ይቀብራል፤ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያልፍ ወዲያው የሚያጠፋ ብሬከርም ያስገባል። እሱ ሳይጨርስ መኪናዋን አልሰጥሽም፤ እንዳትቀየሚኝ። ለጎረቤት ቃል የገባሽው ቀሚስ እስከዚያ ይቆይ።

የምትወድሽ ልጅሽ