የንግድ ምስጢር በውል ይጠበቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በኮምቦልቻና በደሴ በልብስ ስፌትና በቆዳ ሥራ የተሰማራን ሰዎች ስለ አእምሯዊ ንብረት ሲነሣ ትዝ የሚለን የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጠበቃል፤ ጊዜው ሲያበቃም ይታደሳል። ሆኖም ምዝገባው የሚጠብቀው መለያውን እንጂ የቀለሙን ቅመራ፣ የፓተርኑን ልክ ወይም የደንበኞችን ዝርዝር አይደለም።

ለእነዚህ መጠበቂያው ከሠራተኛ፣ ከአቅራቢና ከሸሪክ ጋር የሚፈረም የምስጢር ጥበቃ ውል ነው። የእኛ የቅጥር ውል ግን (ውል ካለ ማለቴ ነው) ደመወዝና የሥራ ሰዓት ጠቅሶ ያበቃል። «ሠራተኛው ምስጢር ይጠብቃል» የሚል አንድ መስመር መጨመርም ክርክር ሲነሣ ብዙ አያራምድም፤ ምስጢሩ ምን እንደሆነ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ ግዴታው ሥራ ከተለቀቀ በኋላ እስከ መቼ እንደሚቆይ በግልጽ መስፈር አለበት። የደረሰውን ጉዳት በገንዘብ ተምኖ ማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1889 በሚፈቅደው መሠረት ካሳውን አስቀድሞ በውሉ መወሰን ይበጃል።

ወረቀቱ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ የማውቀው ወርክሾፕ የቅመራውን መጠን በግራም ጽፎ ከማቅለሚያው በርሜል በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤ ደንበኛውም ተሸካሚውም ያነበዋል። ይህን ፍርድ ቤት ቀርቦ ምስጢሬ ነው ማለት ያስቸግራል።

የአካባቢያችን የንግድ ምክር ቤት በሕግ ባለሙያ የታየ የውል ናሙና በአማርኛ አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል፣ ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላቸው ትንንሽ ድርጅቶች ይጠቀሙበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ባለቤት፣ ኮምቦልቻ