የብር መዳከም ብቻውን የጅማን ቡና ተወዳዳሪ አያደርገውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ «ብር ሲዳከም ላኪው ይጠቀማል» የሚል ጽሑፍ ደጋግማችሁ አውጥታችኋል። አባባሉ የዋጋ ንረትን ስለሚዘል ጎደሎ ነው።

የቡና ዋጋ መነሻው ጅማ ሳይሆን የኒው ዮርክ ገበያ ነው። እዚያ ፓውንዱ 2 ዶላር ቢሸጥ ኪሎው 4.41 ዶላር ይመጣል። ለማስረዳት ያህል ዶላሩን 50 ብር እንበለውና ኪሎው 220 ብር ከ50 ሳንቲም ያስገባል። ከገበሬው መግዣ ጀምሮ ማድረቂያው፣ መፈልፈያው፣ ጆንያውና እስከ ጅቡቲ ያለው ጭነት ተደምሮ 190 ብር ቢፈጅ 30 ብር ይተርፋል። በዓመቱ ወጪው በ25 በመቶ ሲንር 237 ብር ከ50 ይገባል። ዶላሩም 10 በመቶ ጨምሮ 55 ብር ቢሆን ሽያጩ 242 ብር ከ55 ነው። ትርፉ ከ30 ወደ 5 ብር ወረደ፤ ብር ግን «ተዳክሟል»።

ተመኑ ከመለቀቁ በፊት ብዙ ላኪዎች ቡናን ከውጭ ዋጋው በላይ ገዝተው በኪሳራ ይልኩ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ኪሳራውን ባገኙት ዶላር ዕቃ አስገብተው ያካክሱት ነበር፤ ሸማቹ ይከፍለው ነበር፤ ንረቱም መልሶ ይባባስ ነበር።

በጣም የሚያሳስበን ጉዳት የጥራቱ ነው። ጥሩ ቡና ቀዩ ብቻ እየተመረጠ ሦስት አራት ዙር ይለቀማል። የለቃሚ ዋጋ ከቡናው ዋጋ ቀድሞ ሲንር ገበሬው አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር በአንድ ዙር ይሸመጥጠዋል። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልጣጩ የሚደርቀው ቡና፣ እኩል አይደርቅም፣ ደረጃው ይወርዳል፣ ገዢውም ከኒው ዮርኩ ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ይህን የትኛውም ምንዛሪ አይመልሰውም።

ቡና ሻጭ ንረቱን በዋጋው ላይ መጨመር ስለማይችል የሚጎዳው በወጪ በኩል ነው። የጅማ በርጩማና ወንበር ሠሪ ግን ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። ጣውላው፣ ቀለሙና የቀን ሠራተኛው ሲወደድ ይጨምራል፤ ሲጨምር ደግሞ ከውጭ የገባው ወንበር ገበያውን ይወስድበታል። ንረቱ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን በወጪ፣ ሌላውን በዋጋ ያሸንፈዋል።

ትክክለኛው መለኪያ እውነተኛው የምንዛሪ ተመን ነው። የዶላሩን ጭማሪ በውጭው የዋጋ ጭማሪ አባዙ፣ ለአገር ውስጡ አካፍሉ። በላይኛው ምሳሌ የውጭው ንረት 3 በመቶ ቢሆን፣ (የ10 በመቶ ጭማሪ 1.10 ተብሎ ይጻፋል) 1.10 ሲባዛ በ1.03፣ ሲካፈል ለ1.25፣ 0.91 ገደማ ይመጣል። ከ1 በታች ከሆነ የአገሪቱ ዕቃ ለውጭ ገዢ ውድ ሆኗል ማለት ነው። ስሌቱን በዶላር ብቻ መሥራት ግን ያሳስታል፤ ቡናችንን ጀርመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ጃፓንም ይገዛሉ። የተፎካካሪዎቹም ገንዘብ መታየት አለበት። የብራዚል ሪያል ሲዳከም የብራዚል ገበሬ ብዙ ይሸጣል፣ የኒው ዮርክ ዋጋ ይወርዳል፤ ዱላው እዚህ ጎማ ወረዳ ያለ ገበሬ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ የዕለት ምንዛሪ ሠንጠረዥ ስታትሙ፣ በወር አንድ ጊዜ ይህን ቁጥር ከጎኑ አስፍሩልን።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከጅማ